የባዶ ወንበር ክብደት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ያጣበበ አሮጌ ብረት ጭኜ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መረከቢያ ሄድኩ። እግራቸው የተሰበረ ሁለት አልጋዎች፣ የተበሳ የውኃ በርሜል፣ የዛገ የበር መቃን፣ ሞተሩ የተቃጠለ የልብስ ማጠቢያ። ዕቃ መጣል አይሆንልኝም። ብረት ሲሆን ደግሞ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ሌላ ነገር ይሆናል። ያን ቀን ከቤት ስወጣ ልቤ ቀሎት ነበር። ለምድሪቱ አንድ ጥሩ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ ተሰምቶኝ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ከነጭነቱ መሬት ላይ የተነጠፈ ሰፊ ሚዛን ላይ ይወጣና ይመዘናል። ብረቱ ይራገፋል። ባዶውን ሲወጣ እንደገና ይመዘናል፤ ልዩነቱ የብረቱ ክብደት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ቁጥር የሚመዘግቡት አዛውንት ሁለተኛውን ምዝገባ ጨርሰው ወረቀቱን ሰጡኝ። ሲገባ 2,570፣ ሲወጣ 2,410። «ብረትሽ 160 ኪሎ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አዩትና፣ «ይቺን ለማምጣት ይህን ሁሉ አስከትለሽ መጣሽ?» አሉ።

ክፋት አልነበረበትም። ቀኑን ሙሉ ክብደት ሲያነቡ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ያዩትን ተናገሩ። እኔ ግን ከግቢው እንደወጣሁ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ አየሁት። እኔ 64 ኪሎ ነኝ። ከ2,410 ላይ እኔን ስቀንስ 2,346 ይቀራል። አንዲትን ሴት ከቤቷ እዚህ ለማድረስ ከእሷ ሠላሳ ስድስት እጥፍ በላይ የሚከብድ ብረት፣ መስታወት፣ ጎማና ፕላስቲክ አብሯት ተንቀሳቅሷል። ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ነው። የኋላዎቹ ወንበሮች ብረቱን ለመጫን ታጥፈው የዝገት ብናኝ ተነስንሶባቸዋል፤ ከጎኔ ያለው ባዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስነዳው እነዚያን ወንበሮች እንደ ምቾት እንጂ እንደ ሸክም ቆጥሬያቸው አላውቅም። ይህን ሁሉ ሳስብ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። አጠፋሁት፣ ጸጥ አለ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ መልሼ አስነሥቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለዚያ አንድ ቀን

ይህን መኪና ከመግዛቴ በፊት 1,080 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና ነበረችኝ። እሷን ሸጬ ትልቁን ስገዛ ምክንያቶቼን ለሰው ሁሉ ስናገር ስለነበር እስካሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ከፍ ያለ መኪና ይሻላታል። በዓመት አንዴ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ረጅም መንገድ እንሄዳለን፣ ሁላችንም አንድ ላይ እንሆናለን። መንገዱ ሲበላሽ አይዘኝም። ልጆቹም ትልቅ ብረት ውስጥ ሲሆኑ ልቤ ያርፋል።

ከሚዛኑ በተመለስኩበት ማታ የነዳጅ ደብተሬን አወጣሁ። ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ስንት ሊትር እንደገባና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ስንት ላይ እንደደረሰ የምጽፍበት፣ ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው። ያለፈውን ዓመት ጉዞ ሰበሰብኩት፤ ወደ 15,000 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ቀኖቹን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሰባቱም ወንበር የሞላባቸው ቀኖች አራት ናቸው። ትንሽ መኪና የማያልፈው መንገድ የገጠመኝ ሁለት ጊዜ። የተቀረው በሙሉ ወይ ብቻዬን ወደ ሥራ፣ ወይ ከሁለቱ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ነው።

ለሠርግ የተሰፋ ልብስ ለብሶ ጓሮ የሚቆፍር የለም። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም እንዲያ እናደርጋለን። በዓመት ውስጥ የምትመጣዋን አንዲት ቀን አስበን እንገዛና፣ የዚያችን ቀን ክብደት 365ቱንም ቀን ተሸክመን እንዞራለን። ያን ማታ ይህ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። የሚያስፈልገኝ ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ግን የሚያስፈልገኝ በየስንት ጊዜው እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ጭስ ይሆናል?

ደብተሩ የሚለው በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ቤንዚን ነው። የትንሿ መኪናዬ ገጽ ላይ ደግሞ 7 ሊትር ተጽፏል። መንገዱ አንድ፣ ነጂዋ አንድ፣ ልጆቹም እነዚያው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። መጀመሪያ ስሰማው ተሳስተዋል ብዬ ነበር፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ እኮ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ ክብደት የመጣው ከአየሩ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የካርቦን አተም ሲቃጠል ከአየር ሁለት የኦክስጅን አተሞች ይዞ ይወጣል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። በማርሚታ በኩል የሚወጣው ጋዝ ስለማይታይ እንጂ በክብደት ከቀዳነው ነዳጅ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ስለዚህ መኪናዬ በየኪሎ ሜትሩ 300 ግራም ያህል አየር ላይ ትቶ ይሄዳል። በዓመት 1,950 ሊትር፣ ወደ 4,500 ኪሎ ጋዝ። ሚዛን ላይ የቆመው መኪና ክብደት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በትንሿ መኪና ብቀጥል ኖሮ 2,400 ኪሎ አካባቢ ይሆን ነበር። በመካከላቸው ያለው 2 ቶን፣ ለእነዚያ አራት ቀኖች ብዬ የጨመርኩት ነው።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን የብረቱ ነገር ነው። አንድ ቶን ቁርጥራጭ ብረት መልሶ ማቅለጥ ከማዕድን አዲስ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር ወደ 1.5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያድናል። የኔ 160 ኪሎ፣ 240 ኪሎ ያህል አዳነ ማለት ነው። በጉልበቴ ፈትቼ፣ ጭኜ፣ አራግፌ ያዳንኩትን፣ ያው የጫነው መኪና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ብረቱን መስጠቴ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ዛሬም ብረት አልጥልም። ግን በአንድ እጄ ጠብታ እየሰበሰብኩ በሌላው እጄ እንስራውን እያፈሰስኩ እንደነበር ያን ማታ በራሴ የእጅ ጽሑፍ አነበብኩት።

ክብደት ለምን ይህን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ከተማ ውስጥ መኪና ይነሣል፣ ይቆማል፣ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ያን ሁሉ ብረት ከዜሮ ማስፈንጠር አለበት፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ደግሞ የተደከመበት ጉልበት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ክብደቱ እጥፍ ከሆነ የሚጠፋውም እጥፍ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ ደግሞ ጠላቱ ነፋስ ነው። ልጅ ሆነን እጃችንን በመስኮት አውጥተን እንጫወት የነበረውን አስታውሱ። መዳፍ አግድም ሲሆን አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቀጥ ሲል እጅ ወደ ኋላ ይወረወራል። ትልቅ መኪና ሁልጊዜ መዳፉን ቀጥ አድርጎ የሚሄድ ነው። ፍጥነቱ ከ50 ወደ 100 ሲያድግ የነፋሱ ግፊት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል።

ጎማውም አለ። ባለፈው ጎማ ስቀይር ጋራዥ ያለው ልጅ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሞ ጥርሱን በጣቱ እያስነካ አሳየኝ። አዲሱ ላይ ጣቴ ሰመጠ፤ አሮጌው ልሙጥ ሆኗል። ያ ሁሉ ጎማ የት ሄደ? ከአራቱም በየአንዳንዱ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ተፍቆ አልቋል። መንገድ ላይ ቀረ፣ አቧራ ሆኖ ተነሣ፣ ዝናብ አጥቦ ወንዝ ከተተው። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኮሆ የሚባሉት የሳልሞን ዓሦች ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቁላል ሳይጥሉ በጅምላ ይሞቱ ነበር። ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲፈልጉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2020 ያገኙት ገዳይ፣ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ስድስት ፒ ፒ ዲ የተባለ ኬሚካል ከአየር ኦዞን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው መርዝ ነው። መኪናው በከበደ መጠን ጎማው የበለጠ ይፈቃል። ማርሚታ ላይ ማጣሪያ መግጠም ይቻላል፤ ለጎማ ግን ማጣሪያ የለውም።

ቀስ በቀስ

አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ አያደርግም። እኔ ያንን መኪና ስገዛ ጎረቤቶቼም እየገዙ ነበር። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚለው በ2010 በዓለም ላይ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ኤስዩቪ የሚባሉት፣ እንደኔው ዓይነት ከፍ ያሉ ትልልቅ የቤት መኪኖች፣ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ2023 ግን 48 በመቶ ደርሰዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያው ዓመት ከ360 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት መንገድ ላይ ነበሩ፤ ያወጡትም ጋዝ 1 ቢሊዮን ቶን አካባቢ ነው። አገር ቢሆኑ ኖሮ በበካይነት ከዓለም አምስተኛ ይሆኑ ነበር። ኤጀንሲው ሲመዝናቸው ከመካከለኛ መኪና በአማካይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይከብዳሉ፣ 20 በመቶ ያህልም የበለጠ ጋዝ ያወጣሉ።

ነገሩ የጀመረው ነዳጅ ለመቆጠብ ከወጣ ሕግ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 መኪና አምራቾች በአንድ ጋሎን (4 ሊትር ገደማ) ነዳጅ የሚኬደውን ርቀት እንዲያሻሽሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ለቤት መኪና ጥብቅ ነበር። ለገበሬውና ለግንበኛው ለሚያገለግለው ቀላል የጭነት መኪና ግን ላላ ተደረገ፤ ሥራ ነውና ያስፈልጋል ተብሎ። ያኔ የጭነት መኪና የሚነዳው ጥቂት ሰው ነበር። አምራቾቹ ክፍተቱን አዩት። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ምቹ ወንበርና ሙዚቃ ገጥመው ለቤተሰብ ቢሸጡት በላላው ሕግ ይቆጠርላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄዶ፣ በ2000 ገበያ ላይ የወጣችው ፒቲ ክሩዘር የምትባል ትንሽ የቤት መኪና የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ወለሏ ስለሚስተካከል ብቻ በሕግ ፊት የጭነት መኪና ተብላ እስከመቆጠር ደረሰች።

ኤስዩቪ ያልሆኑት ትንንሽ መኪኖችም አድገዋል። የመጀመሪያው ቮልስዋገን ጎልፍ በ1974 ሲወጣ 800 ኪሎ ቢመዝን ነው። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው ከ1,200 ኪሎ በላይ ነው፤ በጎንም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቷል። ከዚህ ውስጥ ለግጭት መከላከያ የተጨመረ፣ ነፍስ ያተረፈ ብረት አለ፤ እሱን አልቃወምም። አውሮፓ ውስጥ አዳዲስ መኪኖች በየሁለት ዓመቱ በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር እየሰፉ መሆኑን ትራንስፖርት ኤንድ ኢንቫይሮንመንት የተባለው ድርጅት ለክቶ በ2024 አውጥቷል። በሁለት ዓመት 1 ሳንቲ ሜትር ማን ያያል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አንድ ቀን መኪናችን በሌላው ጊዜ በሚገባበት በር አልገባ ሲል ብቻ ነው የምንነቃው። ሞተሮቹ በእነዚህ ዓመታት በጣም ተሻሽለዋል፣ ይህ የመሐንዲሶቹ ትልቅ ድካም ነው። ግን ያተረፉልንን ነዳጅ ለአየሩ አልተውነውም። ተጨማሪ ክብደት ገዛንበት።

«ልጆችሽን አስቢ»

ይህን ሁሉ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ጋሼ መኪና ይወዳል፣ ያውቃልም፤ ትልቁን ስገዛ አብሮኝ ሄዶ የመረጠልኝ እሱ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አንቺ ስለ ዓሣ ታወሪያለሽ፣ እኔ ስለ ልጆችሽ ነው የማወራው። ነገ አንዱ ትልቅ መኪና መጥቶ ቢገጭሽ በዚያች ቆርቆሮ ምን ትሆኛለሽ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እውነት አለው። ከባድና ቀላል ሲጋጩ የሚጎዳው ቀላሉ ነው፣ ይህ አያከራክርም። ቤት ገብቼ ግን ሳሰላስል የነገሩ አስፈሪነት እዚሁ ላይ መሆኑ ገባኝ። እሱን የሚያስፈራው ሌላው ሰው የገዛው ትልቅ መኪና ነው። ያኛውም ሰው የገዛው ምናልባት የኔን ዓይነት ፈርቶ ነው። አንዳችን ሌላችንን እየፈራን ሁላችንም እንከብዳለን፤ ማንም ከማንም አልበለጠም፣ የሚቃጠለው ነዳጅ ብቻ ጨመረ። እግረኛው ደግሞ በዚህ ውድድር ውስጥ ብረት የለውም። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የፊት ኮፈናቸው ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅና ዘንበል ያለ ኮፈን ካላቸው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የኔን ለካሁት። 1 ሜትር ከ8 ሳንቲ ነው። የትንሹ ልጄ ቁመት 1 ሜትር ከ11።

ከራስ በላይ ነፋስ እንላለን። ለልጆቼ ብዬ ብረት አወፈርኩ፤ ከራሳቸው በላይ ያለውን፣ የሚተነፍሱትን ነፋስ ግን በዚያው ብረት እያጠቆርኩት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዴ ከወጣ ቀላል የማይባል ክፍሉ ለመቶዎች ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳቸው ያወጣሁት ጋዝ እነሱ ሽማግሌ ሲሆኑም አብሯቸው ነው። ይህን ለጋሼ ስነግረው ወዲያው አልተቀበለኝም፣ እንዲቀበለኝም አልጠበቅሁም። «እሺ፣ አስቢበት» ብቻ አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማርሚታ የሌለው ትልቅ መኪና

ብዙ ሰው «የኤሌክትሪክ ትልቅ መኪና ግዢ፣ ይገላግልሻል» ብሎኛል። በቅንነት አሰብኩበት። እውነቱን ለመናገር ተመሳሳይ መጠን ካለው የቤንዚን መኪና ጋር ሲነጻጸር፣ በአብዛኛው ዓለም ኤሌክትሪኩ ከተሠራበት እስከሚወገድበት ድረስ የሚያወጣው ጋዝ ያነሰ ነው። ፍሬኑም ሲያዝ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ እንደ ሌላው አይባክንም። ለኤሌክትሪክ መኪና ክፉ አልናገርም።

ክብደቱ ግን አልሄደም። ሐመር ኢቪ የተባለው ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ባትሪው ብቻውን 1,300 ኪሎ ያህል ነው። ከተሸጠችው ትንሽ መኪናዬ የሚከብድ ባትሪ! ለአንዱ ባትሪ የሚገባው ሊቲየም፣ ኒኬልና ሌላው ማዕድን አራት ትንንሽ መኪኖችን ያንቀሳቅስ ነበር። ማዕድኑ ከሆነ ቦታ ይቆፈራል፣ ውኃ ይፈልጋል፣ አፈር ይገለብጣል። ጎማውም ያው ይፈቃል። ፓሪስ ከተማ ይህን የተረዳች ይመስለኛል። በየካቲት 2024 ነዋሪዎቿን ጠርታ፣ ከውጭ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ለማቆሚያ ሦስት እጥፍ ይክፈሉ ወይ ብላ አስመረጠች፤ 54.5 በመቶው ይክፈሉ አለ፣ በጥቅምትም ሥራ ላይ ዋለ። መለኪያው ክብደት ነው። ለቤንዚንና ለናፍጣ 1.6 ቶን፣ ለኤሌክትሪክ 2 ቶን። ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 6 በመቶ አልሞላም፣ ይህ ቅር ይለኛል። ቢሆንም መኪናን በሚዛን መጠየቅ የጀመረ ሰው ሌላ ቦታም መኖሩ አጽናንቶኛል።

እኔን ይበልጥ የቀየረኝ ግን አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ መብራት ይዞኝ ቆሜ ያሰብኩት ነው። አውቶቡስም ትልቅ የሰው ማጓጓዣ ነው፤ 12 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ጭሱም ይታያል። ግን 60 ሰው ተሳፍሮበታል። ለእያንዳንዱ 200 ኪሎ ይደርሰዋል። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ደግሞ ከኔ መኪና እምብዛም የማይከብድ ሆኖ ሳለ 12 ሰው ይዟል። እኔ ለብቻዬ 2,346 ኪሎ ይዤ ከመካከላቸው ቆሜያለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ተረት ነው፤ ስለ መኪና የተነገረ መስሎ የተሰማኝ ግን ያን ቀን ነው። ስለዚህ ትልቅነቱን ልረግመው አልችልም። ሰባት ሰው ሲሞላበት ያው የኔ መኪና ለነፍስ ወከፍ 335 ኪሎ ነው፤ ያኔ ብረቱ ሥራውን ይሠራል። በእነዚያ አራት ቀኖች ያጠፋሁት ጥፋት የለም። ያጠፋሁት በተቀሩት ነው።

የእናቴ ጉልበት

መኪናውን ሸጥኩት። የገዛው ሰው ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ ሊወስደው የመጣውም አምስት ሆነው ነው። ሲወጣ ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ የኋላው በክብደት ዝቅ ብሎ ነበር፣ በኔ ጊዜ እንዲያ አይቼው አላውቅም። ይህ ግን አላሳረፈኝም። የሸጥኩት መኪና ከምድር አልጠፋም፤ ገና አሥር ዓመት ወይ ከዚያ በላይ በሌላ ሰው እጅ ይነዳል፣ ይቃጠላል። መሸጤ ብቻውን ከአየሩ ላይ ምንም አልቀነሰም። የቀነሰው በቦታው ሌላ ትልቅ አለመግዛቴ ነው። ቀለል ያለች፣ 1,040 ኪሎ የምትመዝን መኪና ገዛሁ። ለዓመቱ የቤተሰብ ጉዞ ባለ 12 ወንበር ሚኒባስ ተከራየን፤ አንድም ወንበር ባዶ አልሄደም።

የቀረኝ ጭንቀት የእናቴ ነበር። አዲሷ መኪና ዝቅተኛ ናት፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው። ከመግዛቴ በፊት ሜትር ይዤ ለካሁ። ቤት ውስጥ ሳትደገፍ ከምትነሣበት ወንበር ጀመርኩ፤ ከወለሉ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። የትንሿ መኪና ወንበር ከመሬት 47። ትልቁን ደግሞ ገዢው ሳይወስደው ለካሁት። 82 ሳንቲ ሜትር።

ሁለት ጊዜ ለካሁት። 82 ነው። ለእናቴ ጉልበት ብዬ የገዛሁት መኪና ከሚመቻት ወንበር በ29 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የሚያስፈልጋት 6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበር፤ እኔ ከ1 ቶን በላይ ጨመርኩላት።

ወዲያው አስታወስኩ። በገባች ቁጥር መጀመሪያ መረገጫው ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ወደ ላይ ትስባለች፣ ከገባች በኋላም ትንሽ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም።

ጠንካራ ስፖንጅ በልኩ አስቆርጬ በጨርቅ አሰፋሁት፤ ሰው ሲቀመጥበት ተጨምቆ 6 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። አዲሷ መኪና ወንበር ላይ አስቀመጥኩና እናቴን ጠራኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሁለት እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አልያዘችውም።

«ያኛው አያስቸግርሽም ነበር እንዴ እማዬ?» አልኳት።

«እሱማ እንደ መሰላል ነበር» አለች፣ ቀበቶዋን እየፈለገች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእናቴ ብዬ ነው እያልሽ ለሰው ሁሉ ስትናገሪ እየሰማሁ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?»